ቆርኪ ለቃሚዋ መልስ አላት

ጽሑፉን ያመጣልኝ ደንበኛዬ ነው። «ሃያ ኮፒ አንሺልኝ» ብሎ ሰጠኝ። እኔ ደግሞ ኮፒ የማነሳውን ወረቀት ሳላነብ ማለፍ አልችልም፤ ክፉ አመል ነው። ርዕሱ «ቆርኪ ለቃሚዎች» ይላል። ፈገግ ብዬ ቀጠልኩ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ «እዚሁ ደብረ ማርቆስ ኮፒ ቤት ከፍታ፣ ከማሽኑ አጠገብ በቆርኪ የተሞላ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ የምታስቀምጥ ልጅ አለች» ይላል። ቀና ብዬ ቆርቆሮዬን አየሁት።

ጸሐፊው ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ መምህር ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል። እሳቸውም የእኔን ስም አልጻፉም፤ በዚህ እኩል ነን።

መምህር፣ እንደምን ከረሙ? ሃያውንም ኮፒ አንስቼ ሰጥቻለሁ። አንድም ገጽ አላስቀረሁም። አሁን ግን መልስ አለኝ።

ጽሑፉን ላላየ ሰው ባጭሩ ልንገረው። መምህር የሚሉት ይህን ነው፦ ሬዲዮ ላይ ደውሎ ጥያቄ የሚመልስ፣ ቆርኪ የሚፍቅ፣ የባንክ ዕጣ የሚጠብቅ፣ ኩፖን ሞልቶ ሣጥን ውስጥ የሚከት ሰው ሁሉ ቁማርተኛ ነው። ሒሳቡ አይሠራም። ዕጣው የተበላ ነው። ሥራ መፍታት ነው። ኃጢአትም አለበት። በዚያ ላይ ለአጭበርባሪ በር ይከፍታል። ስድስት ክስ መሆኑ ነው። ሁሉንም አልክድም። አንዷን እንዲያውም ከእሳቸው በላይ አምናታለሁ። የሚያናድደኝ ግን ሁሉንም በአንድ ጆንያ መክተታቸው ነው።

«ቁማር ስሙን ለውጦ መጣ» ከሚለው ልጀምር።

እኔ ቁማርን የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ለመግባት ምን ከፈልኩ? ለዕድሉ ብዬ ያወጣሁት ብር ካለ፣ ያ ሎተሪ ነው። ምንም ካላወጣሁ፣ ወይም ዕቃውን ዕጣ ባይኖረውም እገዛው ከነበረ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። አሜሪካኖች ስዊፕስቴክስ የሚሉት የሽልማት ዕጣ አለ። የእነሱ ሕግ ሎተሪን በሦስት ነገር ያውቀዋል፦ ሽልማት፣ ዕድልና ክፍያ። ሦስቱ ከተሟሉ ሎተሪ ነው፤ ሎተሪ ደግሞ ኩባንያ ሁሉ እንዳሻው የሚያካሂደው ነገር አይደለም። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ክፍያዋን ያወጧታል። ከማስታወቂያው ግርጌ «መግዛት ግዴታ አይደለም» ብለው የሚጽፉት ደግ ስለሆኑ እንዳይመስልዎ። ሳሙናውን ያልገዛ ሰው ስሙንና አድራሻውን ካርድ ላይ ጽፎ በፖስታ ይልካል፣ ከገዛው ሰው እኩል ይቆጠራል። ይህን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ፤ ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ካርድ ሲጽፉ ያመሻሉ።

ካናዳ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ዕጣ የወጣለት ሰው የሒሳብ ጥያቄ ይጠየቃል። ማባዛት፣ መደመር፣ መቀነስ ያለባት አንዲት ስሌት ናት። ሽልማቱ በዕድል ብቻ የተገኘ እንዳይሆን ነው። ካልመለሰ የለም። መምህር፣ ይቺን ሲሰሙ ደስ እንደሚልዎ አውቃለሁ። ከክፍላችን ስንቱ መኪና ያመልጠው ነበር!

እኛ አገር መንገዱ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ የሽልማት ዕጣ የሚያወጣ ድርጅት ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ ያወጣል። ቆርኪው ግን የሚገኘው መጠጡ ሲገዛ ነው፤ የባንኩ ዕጣ የሚቆረጠው ብር ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ መለያውን ራሳችን ማበጀት አለብን። የእኔ መለያ ደብተሬ ላይ አለች። ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት ደብተር ነው። ቀን፣ ምን ዓይነት ውድድር፣ ዕጣው የሚወጣበት ቀን፣ ውጤት፣ እና በቀይ እስክሪብቶ «ምን ከፈልኩ» የሚል ዓምድ። ቀዩ ዓምድ ዜሮ ካልሆነ አልገባም።

ታዲያ ቆርኪው? «ለቃሚ» ያሉኝ እኮ ልክ ነው! እኔ ለስላሳ አልጠጣም፣ ጥርሴን ያመኛል። አጠገቤ ምግብ ቤት አለ። ልጆቹ ማታ ወለል ሲጠርጉ ቆርኪውን በላስቲክ ያመጡልኛል። ቆርኪ ለቅሞ የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። መክፈቻው ያጣመመው ነው፣ ስኳሩ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ዝንብ ይከተለዋል። ሊፈላ ትንሽ የቀረው ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ። ያኔ ከውስጥ ያለችው ስስ ላስቲክ ትላላለች። በቢላ ጫፍ ከጠርዟ ታነሳታለህ። ቀስ ካላልክ ጽሑፉን ይዛው ትነሳለች። ከሥሯ ያለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ «እንደገና ይሞክሩ»። ላስቲኳን ስታነሳ ግን፣ ከማየትህ በፊት ያለችው ያቺ ግማሽ ሰከንድ አለች። ስለ እሷ ማንም ቢሟገተኝ አልሰማውም።

አሁን የማምነውን ልናገር። በአጭር ቁጥር መልእክት እየላኩ «መኪና ይሸለሙ» የሚባለውን መምህር ቁማር ካሉት፣ እኔ ከዚያም በከፋ ስም እጠራዋለሁ። ቁማርተኛ ቢያንስ ብሩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ያየዋል። እዚህ አንድ ጊዜ «እሺ» ብለህ ትልካለህ፣ ከዚያ በየቀኑ ሁለት ብር ከሒሳብህ ላይ ይነሳል። ሁለት ብር ምናት? በዓመት 730 ብር ናት። ካርድ ሊሞሉ የሚመጡ እናቶች «ካርዴን ማን ይበላብኛል?» ሲሉኝ ስልካቸውን ተቀብዬ አየዋለሁ። አንዳንዷ ሦስት ቦታ ተመዝግባ ትገኛለች። «ስቶፕ» ብዬ እየላክሁ አስወጣቸዋለሁ። ለዚህ አላስከፍልም። መምህር በዚህ ላይ ብቻ ቢጽፉ ኖሮ ሃያውን ኮፒ በነፃ አነሳ ነበር።

ወደ ሒሳቡ እንሂድ። የእርስዎ ሜዳ ነው፣ እፈራለሁ።

መምህር የጻፉት እንዲህ ነው፦ «አንድ ሚሊዮን ሰው ከሞላ ዕድልሽ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ዜሮ ብሎ መተው ይሻላል።» ልክ ነው። ግን ሚሊዮኑን ማን ነገረዎ? ያስተማሩን እኮ መጀመሪያ የናሙናውን ብዛት ቁጠሩ ብለው ነው። አገር አቀፍ የባንክ ዕጣ ላይ በርግጥ ሰው ብዙ ነው። እኔ ብሬን የማስቀምጠው ስለሚያስፈልገኝ ነው፣ ዕጣው ምርቃት ነው። የምለፋበት ግን እሱ አይደለም። እኔ የምፈልገው ሰው የማይበዛበትን ነው።

አንድ ምሳሌ። ከተማችን ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ለፋሲካ ዕቃ ለገዛ ሁሉ ኩፖን ሰጠ። እኔ የውሃ ማፍያ ልገዛ ነበርና ገዛሁ፤ ቀዩ ዓምድ ዜሮ። ዕጣው የሚወጣ ዕለት ሄድኩ። ሣጥኑ መስታወት ነው። ባለሱቁ ሕዝብ ፊት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረግፈው አብሬ ቆጠርኩ። አራት መቶ አይሞላም ነበር። ሽልማቱ አምስት ነው። ስለዚህ ዕድሌ ከሰማንያ አንድ ነበር። አንድ ሚሊዮንኛ የት፣ አንድ ሰማንያኛ የት! ያን ቀን የኤሌክትሪክ ምጣድ ደረሰኝ። እስካሁን እንጀራዬን የምጋግረው በሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለመምህሬ ታማኝ ልሁን። «ከሰማንያ አንድ ከሆነ ሰማንያ ጊዜ ብገባ አንዱ የግዴን ይደርሰኛል» የሚል ሰው ይኖራል። አይደርስህም። አንዱ የመቅረት ዕድሉ ሰባ ዘጠኝ ሰማንያኛ ነው። እሱን ሰማንያ ጊዜ በራሱ አባዛው። 37 በመቶ ገደማ ይወጣል። ማለት፣ ሰማንያ እንዲህ ያለ ውድድር ገብተህ ባዶ እጅህን የመቅረት ዕድልህ ከሦስት አንድ ይበልጣል። ይህን ያወቀ ሰው በዕጣ ተስፋ ብድር አይበደርም። ይህን ያወቅሁት ደግሞ ከእርስዎ ነው፣ መምህር። ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ አረንጓዴና ቀይ ብይ ሥለው።

ሬዲዮ ደግሞ ከዚህም ይሻላል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የአገራችን ነው። «ግሽ ዓባይ የሚገኘው በየትኛው ወረዳ ነው?» ዓይነት። ሰከላ ነው ለማለት ጎጃም ውስጥ ማን ይቸገራል? ችግሩ መልሱ ሳይሆን መስመሩ ነው። ሁሉም እኩል ሲደውል ይጨናነቃል። እኔ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ ቁጥሩን ጽፌ፣ አውራ ጣቴን መደወያው ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ካልገባልኝ ለደወልኩት አልከፍልም። ከገባልኝ የሁለት ደቂቃ ሒሳብ ነው። እሷን ቀዩ ዓምድ ላይ በእርሳስ እጽፋታለሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ አጭበርብሬያለሁ፣ ይታረምልኝ።

የዘጠኝ ዓመቱ ውጤት እነሆ። 213 ጊዜ ገባሁ፣ 14 ጊዜ ደረሰኝ። ስድስቱ የሞባይል ካርድ፣ ሦስቱ ዣንጥላ፣ ሁለቱ ካናቴራ፣ አንድ ፔርሙዝ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ምጣድ። ሰዓቱ በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይዘገያል። ሀብታም አልሆንኩም። ክረምት ላይ ግን ቤቴ ዣንጥላ ጠፍቶ አያውቅም።

«ዕጣው የተበላ ነው፣ የሚደርሰው ለአዲስ አበባ ሰው ነው።»

የሁለተኛውን ግማሽ ቶሎ ልመልሰው። አዲስ አበባ የሚሞላው ሰው ብዙ ነው፣ ስለዚህ የሚደርሰውም ይበዛል። ይህ መበላት አይደለም፣ ብዛት ነው። እኔ የሰፈር ሣጥን የምወደውም ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ግማሽ ግን ቀላል አይደለም። ዕጣ ተበልቶ ያውቃል። አሜሪካ ውስጥ ማክዶናልድስ የሚባለው ምግብ ቤት ሞኖፖሊ በሚል ጨዋታ ሽልማት ይሰጥ ነበር። አሸናፊዎቹን ቲኬቶች እንዲጠብቅ የተቀጠረው የጥበቃ ኃላፊ፣ ጀሮም ጃኮብሰን የሚባል ሰው፣ ራሱ እየሰረቀ ለወዳጅ ዘመድ ያድል ነበር። ከ1989 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሄደ። ሌባው ራሱ ቁልፍ ያዡ ነበር ማለት ነው።

የቆርኪው ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በ1992 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ ፔፕሲ ቆርኪ ውስጥ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ያትም ነበር። ትልቁ ሽልማት አንድ ሚሊዮን ፔሶ። አንድ ምሽት በቴሌቪዥን 349 ወጣ ተባለ። ያ ቁጥር ሁለት ቆርኪ ላይ ብቻ ነበር መውጣት የነበረበት። በስሕተት 800 ሺህ ቆርኪ ላይ ታትሞ ተገኘ። ያን ሌሊት ስንት ቤት ጮቤ እንደተረገጠ አስበው። ጠዋት ኩባንያው «ስሕተት ነው» አለ፣ ኋላም ለእያንዳንዱ 500 ፔሶ አቀረበ። ብዙ ሰው ተቀበለ፣ ብዙው ግን መንገድ ወጣ። የፔፕሲ መኪኖች ተቃጠሉ፣ ቦምብ ተወረወረ፣ ሰው ሞተ። ይህን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ለአንድ ሳምንት ቆርቆሮዬን አልከፈትኩም።

እኛስ? ሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ ከ25 ሺህ በላይ የኮንዶሚኒየም ቤት በኮምፒውተር ዕጣ ወጣ፣ በቀናት ውስጥ ዳታው ተነክቷል ተብሎ ተሰረዘ። ዓመታት የቆጠበ ሰው ስሙን አይቶ አልቅሶ፣ ስሙ ሲሰረዝ ደግሞ እንደገና አለቀሰ።

ታዲያ ምን እያልኩ ነው? መምህር ከዚህ ተነስተው «ሁሉም የተበላ ነው» ይላሉ። እኔ ከዚያው ተነስቼ «አወጣጡን የማታየውን ዕጣ አትመን» እላለሁ። ኮምፒውተር ውስጥ የሚወጣና መስታወት ሣጥን ውስጥ የሚወጣ አንድ አይደለም። የብሔራዊ ሎተሪ ሰው ቆሞ የሚታዘበውና ባለቤቱ ጓዳ ገብቶ «ወጣ» የሚለው አንድ አይደለም። እኔ ማስታወቂያ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው የሽልማቱን ሥዕል አይደለም፤ ከታች በጉንዳን ፊደል የተጻፈውን ነው። ፈቃድ አለው? ዕጣው መቼ፣ የት ይወጣል? አሸናፊው በምን ይነገራል? እነዚህ ከሌሉ ደብተሬ ላይ አይጻፍም። ባለፈው ዓመት እንዲህ ብዬ ስድስት ያህል ጣልኩ።

ኃጢአት ለሚለው ብዙ አልልም። እኔ ቄስ አይደለሁም። ግን በይሁዳ ቦታ ማን ይተካ ሲባል ሐዋርያት ምን አደረጉ? ዕጣ ጣሉ፣ ለማትያስ ወጣ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ አንድ ላይ አለ። አባቶቻችንም ርስት ሲካፈሉ ዕጣ ይጥሉ ነበር። ዕቁባችንም በዕጣ ነው። መምህር ራሳቸው ዕቁብተኛ ናቸው፣ ዳኛም ነበሩ።

«ሥራ መፍታት ነው። ጎጃሜ ቆርኪ ለመልቀም አልተፈጠረም።»

እዚህ ጋ ሳቄ መጣ። በቀን ሩብ ሰዓት ነው የሚፈጀኝ። ኳስ የሚያይ ሰው ለአንድ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ሲከራከር ያመሻል። እሱን ሥራ ፈት ያለው ሰው አላየሁም።

ጎጃሜ ለውድድር አልተፈጠረም ማለትም ከጎጃም ልጅ የሚጠበቅ አይደለም። ዕጣውን ተወት አድርገን ችሎታ የሚጠይቀውን እንይ፤ መምህር ከቆርኪው ጋር አብረው የወቀጡትን ማለቴ ነው። መፈክር ጻፉ፣ ለምርቱ ስም አውጡ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹት የሚባለውን። አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የቤት እመቤቶች በዚህ ይታወቁ ነበር። «ይህን ሳሙና የምወደው…» ብሎ ይጀምርላቸዋል። ከ25 ቃል ሳያልፉ መጨረስ ነው። ልጅ እያጠቡ፣ ሸሚዝ እየተኮሱ ቃል ይቆጥሩ ነበር። ማጠቢያ ማሽን፣ ፍሪጅ፣ መኪና ያሸነፉ አሉ።

ሃያ አምስት ቃል! እነ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የሚባሉት ቅኔ ቤቶች ያሉበት አገር ነው ይህ። የቅኔ ተማሪ ቀን ሜዳ ወጥቶ ቆጠራውን ይቆጥራል፣ ማለት ቅኔውን በልቡ ያበጃል፤ ማታ የኔታ ፊት ነገራውን ይነግራል፣ ያበጀውን ያሰማል። ጉባኤ ቃና የሚባለው አጭሩ ቅኔ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት መስመር ብቻ ነው። በሁለት ቤት ሰምና ወርቅ አስገብቶ፣ ጓደኛውን በልጦ፣ የኔታን «ይበል!» ማሰኘት አለበት። ሽልማቱ ያቺ «ይበል» ናት። አያቴ ቅኔ ቤት ነበሩ። በሰባ ዓመታቸው እንኳ የልጅነት ጓደኛቸው የበለጣቸውን ቅኔ በቃላቸው ይወጡት ነበር፤ የራሳቸውን ረስተውታል። እኔ ግዕዝ አልችልም። ግን ባለፈው መስከረም አንድ የዱቄት ፋብሪካ መፈክር ሲፈልግ ሦስት ቀን እንጀራ እየጋገርኩ ቃል ሳማርጥ፣ ከአያቴ ብዙም እንዳልራቅሁ ተሰማኝ። አላሸነፍኩም። ያሸነፈው መፈክር ከእኔ ይሻል ነበር፤ ይህን ማለት ጥርሴን ያመኛል።

አሁን የመጨረሻው ክስ። አጭበርባሪ።

መምህር የጻፉት ይህ ነው፦ «ዕጣ የለመደ ሰው ስልክ ተደውሎ ‹ደረሰዎ› ሲባል ቶሎ ያምናል።» ይህ እውነት ይመስላል። ለረዥም ጊዜ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የአክስቴ ነገር ነው ሐሳቤን ያስለወጠኝ።

አክስቴ ደምበጫ አካባቢ ትኖራለች። በሕይወቷ ኩፖን ሞልታ አታውቅም። እኔን ራሷን ነው «አንቺ እብድ፣ ምን ይሠራልሻል?» የምትለኝ። አንድ ቅዳሜ ደወለች። ድምጿ ዝቅ ብሏል።

«እታለም፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ምነው አክስቴ?»

«ዕጣ ወጣልኝ። መቶ ሃምሳ ሺህ። ለማንም እንዳትነግሪ ብለውኛል።»

ሆዴ ቡጭ አለ። ቁጭ በይ አልኳትና ከመጀመሪያው ጠየቅኋት። ጠዋት ወንድ ደወለ። ድምፁ ጨዋ ነው፣ «እመቤቴ» እያለ ያወራል። ስልክ ቁጥርሽ ተመርጧል አላት። ብሩ ከመላኩ በፊት ግን 15 በመቶ ግብር መከፈል አለበት። ይህም 22,500 ብር ነው። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ካልቻልሽ መጀመሪያ 3 ሺህ አስገቢ። እሷም የዶሮና የእንቁላሏን 3 ሺህ ብር በጎረቤት ልጅ ስልክ ላከች። እኔ ዘንድ የደወለችው የቀረውን ላበድራት ነው።

«አክስቴ፣ ምን ሞልተሽ ነበር?»

ዝም አለች።

«ምን ሞልተሽ ነበር ነው የምልሽ። ኩፖን? ባንክ? ሬዲዮ ደወልሽ?»

«ኧረ ምንም!»

ከዚያ ራሷ ገባት። 3 ሺው አልተመለሰም። ቁጥሩ ማታውን ጠፋ።

ልብ ይበሉ መምህር። የተጭበረበረችው ውድድር ገብታ የማታውቀው ናት። እኔ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ስልክ ተደውሎልኛል፤ አንዴ በሳምንት ሦስት ጊዜ። የማደርገው ደብተሬን መክፈት ነው። «የትኛው ውድድር ነው? ዕጣው መቼ ወጣ?» እላለሁ። አብዛኛው እዚያው ይዘጋዋል። አንዱ ተሳደበ። አንዱ ደግሞ «ስልክሽ ላይ የሚመጣልሽን ስድስት ቁጥር አንብቢልኝ» አለኝ። ያ ቁጥር የሒሳቤ በር ቁልፍ ነው። «አያቴ ማንበብ አላስተማሩኝም» አልኩት።

ግብሩም ቢሆን ውሸቱ እዚያው ላይ ይታወቃል። አዎ፣ የገቢ ግብር አዋጁ በ2008 ሲወጣ ዕጣ ከደረሰው ሰው ላይ 15 በመቶ ጥሏል፤ ከ1000 ብር በታች ያለውን አልነካም። ሌባው ቁጥሩን ያወቀው ከዚያ ነው፣ እውነት ሲቀላቀልበት ውሸት ይጣፍጣል። ግን የገንዘብ ሽልማት ሲሆን ግብሩን ቀንሶ የሚያስቀረው ከፋዩ ድርጅት ነው። ቀንሶ ይሰጥሃል እንጂ ቅድሚያ ላክ አይልህም። ሊሸልምህ የመጣ ሰው ካንተ ብር ከጠየቀ፣ ተሸላሚው እሱ ነው። አክስቴ አሁን ይህን ለገበያ ጓደኞቿ ታስተምራለች። ከእኔም ከእርስዎም በላይ ትሰማለች።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። መምህር ከጽሑፋቸው ውስጥ አንድ ትልቅ ዕጣ ረስተዋል። ጎጃም ውስጥ ወጣት ሁሉ ይሞላው የነበረ፣ መሙያው ነፃ የነበረ፣ በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ ይሰጥ የነበረ፣ ከመላው ዓለም ሚሊዮኖች ይሻሙበት የነበረ። ዲቪ! አሜሪካኖች በ1990 እ.ኤ.አ. ሕግ ያወጡለት። ይህ የስዊፕስቴክስ ታላቅ ወንድም ነው። እንዲያውም ጥብቅ ነበር፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ፣ ሁለቴ የሞላ ይሰረዝ ነበር። በእርስዎ ሒሳብ ዜሮ ተብሎ መተው የነበረበት እሱ ነው።

ዲቪ የሚሞላው ጥቅምት ላይ ስለነበር ከኮፒ ቤቴ ሥራ ጥቅምትን የሚያህል አልነበረም። በ2016 ኢንተርኔት ጠፍቶ የሰውን ፎቶ በፍላሽ ጭነን፣ በሾፌር እጅ 300 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ልከን አስሞልተናል። በ2017 ጥቅምት ደግሞ አንድ ጡረተኛ መምህር ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጁን ነጭ ግድግዳ ላይ አስደግፌ አነሳሁት። ፎቶውን 600 በ600 ፒክስል አድርጌ እስክቆርጥ እሳቸው ከማሽኑ አጠገብ ባለችው ወንበር ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ቆርቆሮውን አዩት። አንድ ቆርኪ አንስተው አገላብጠው መለሱት። «ይህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ፣ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ። «ወጣ?» እያሉ። በሦስተኛው ቀን ኔትወርክ ተገኘና የማረጋገጫ ቁጥሩን አስገብቼ አየሁ። አልተመረጠም።

«ይሁን» አሉኝ። «በሚቀጥለው እንሞክራለን።»